ስኳር አይደለም፣ ብርድ ነው

ጉዳዩ ያስወጣኝን አስቀድሜ ልናገር፤ አንባቢም እንደ ገዢ ነው፣ ዋጋውን ሳይሰማ ዕቃውን አያገላብጥም። አንድ በቅሎ ከነኮርቻዋ ሸጥኩ። የኅዳርን ንግድ አጣሁ፤ ኅዳር አዲስ ማር ወደ ገበያ የሚወርድበት ወር ነው፣ ለማር ነጋዴ እሱን ማጣት ለገበሬ ክረምትን እንደማጣት ነው። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሁለት ወር ሙሉ ከ«እንደምን አደርክ» ያላለፈ ወሬ ሳናወራ ከረምን። አንዲት ቀይ ዶሮ አስራ አንድ ጊዜ ገዛሁ፤ አስራ አንድ ዶሮ አላልኩም፣ ያችኑ አንዲቱን። «እሱን ማን ያታልለዋል» የሚል ስም ነበረኝ፤ እሱም አብሮ ሄደ።

ላሊበላ ውስጥ ማር እነግዳለሁ። ማሩ ከሙጃ በላይ ካለው ከአባቴ አገር ይወርዳል፤ እኔ ለሆቴሎች፣ ለጠጅ ቤቶችና ለተሳላሚዎች እሸጠዋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ የቀረውን ጋሸና መገንጠያው ላይ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ስከራከር ጨረስኩት። እዚያ ከተማርኩት ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ነው፦ ሰው በመጀመሪያው ዋጋ እሺ ካለ፣ ወይ ዕቃው የተሰረቀ ነው፣ ወይ ሰውየው ታሟል። ይህን ትምህርት በማንም ላይ ስሠራበት ኖሬ፣ በገዛ አባቴ ላይ ለመሥራት ግን ከዓመት በላይ ፈጀብኝ።

አባቴ በሙጃ ገበያ የማር ዳኛ ነበሩ። ሹመት የለውም፣ ደመወዝ የለውም። ሁለት ሰዎች በማር ሲጣሉ ባልዲውን ተሸክመው እሳቸው ዘንድ ይመጣሉ። አባቴ ትንሽ ቆንጥረው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያሹታል፣ የምላሳቸውን ጫፍ ያስነኩታል፣ ከዚያ ወደ ተራራው እያዩ ዝም ይላሉ። «ንጹሕ ነው» ካሉ ንጹሕ ነው። «ይህን ንብ አላየውም» ካሉ ሻጩ ባልዲውን አንጠልጥሎ ከገበያው ይወጣል። ይግባኝ የሚባል ነገር አልነበረም።

እናቴ በክረምት አረፈች። ተዝካሯ እስኪወጣ አባቴ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እንግዳ ተቀበሉ፣ ካህናቱን አስተናገዱ። ድንኳኑ በተነሳ በወሩ ግን እሳቸውም እንደ ድንኳኑ ታጠፉ።

መጀመሪያ ገበያ ቀሩ። ቀጥለው ቤተ ክርስቲያን ቀሩ። ከዚያ ከመደቡ መነሳትም ቀረ። «ምሳ በሉ?» ስንላቸው «እኔ እንጃ»። «ዛሬ ማን መጥቶ ነበር?» «አላውቅም»። «ቀፎዎቹን ማን ይያቸው?» «ተዋቸው»። ዶሮ ሳይጮኽ ነቅተው ግድግዳ ያያሉ። አንዳንዴ በገዛ አፋቸው «ጭንቅላቴ ሞቷል ልጄ፣ ምንም አይዝልኝም» ይላሉ። ዓመት ሳይሞላ አገሩ ሁሉ ፈረደ፦ ጃጁ።

«ጃጀ» በእኛ አገር በሽታ አይደለም፤ ፍርድ ነው። የጃጀ ሰው ሐኪም አይፈለግለትም፤ «ብሉ» እና «ጠጡ» ይባላል እንጂ «ምን ይመስልዎታል?» ተብሎ አይጠየቅም። እኔም ፈረድኩ። ማር ለመጫን በመጣሁ ቁጥር ጉልበታቸውን ስሜ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል አስቀምጬ፣ ባልዲዬን ቆጥሬ እመለስ ነበር።

ከአባቴ ቤት አጥር ለአጥር የምትኖረው አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ሌላ ፍርድ ተፈርዶባት ነበር። አክስቴን «አንቱ» ብዬ ጀምሬያት ነበር፤ «አንቱ ካልከኝ አስረጀኸኝ» ብላ ከልጅነቴ ስለከለከለችኝ አንቺ እንዳልኳት አለሁ። የሷ ነገር መቼ እንደጀመረ ማንም በትክክል አይናገርም፤ ሦስት ዓመትም ይሆናል፣ አምስትም። ወጡን ጨው ሳታደርግበት ታቀርባለች፤ በማግስቱ ሦስት ጊዜ ታደርግበታለች። ቁልፏን ቅቤ ውስጥ ቀብራ ጎረቤቷን «ሌባ!» ብላ አደባባይ ታወጣታለች። ቅቤው ሲቀልጥ ቁልፉ ይገኛል፤ እሷም «አየሽ፣ ፈርተሽ መለስሽው» ትላለች።

አክስቴን ግን «ጃጀች» ያላት አንድም ሰው የለም። ምላሷ እንደ ምላጭ ነበራ! ትስቃለች፣ ታስቃለች፣ ለጠየቃት ሁሉ መልስ አላት። «እንዲህ የሚናገር ሰው እንዴት ይጃጃል? መንፈስ ነው የለከፋት፣ ቀውሳለች» ተባለና ሁለት ሱባኤ ጸበል ገባች። መንፈሱ ይለፈልፋል ተብሎ ተጠበቀ፤ ጭጭ አለ። ስትመለስ ታላቄን «ያን ብርድ ውሃ ያዘዝክብኝ አንተ ነህ?» ብላ ገሰጸችው። ከዚያ ወዲህ «ዝምተኛ መንፈስ ነው» ይባል ጀመር። በነጋዴነቴ ይህን መልስ ሳላደንቀው አላልፍም፤ ቢለፈልፍም አለ፣ ዝም ቢልም አለ፣ ማንም የማይመልሰው ዕቃ ነው።

ታላቄ ክፉ ሰው አይደለም። አባታችንን የሚያበላው፣ የሚያለብሰው እሱ ነበር፤ እኔ ጎብኚ ነኝ። በጥቅምት ማለቂያ ለብቻ ጠራኝና «አንደበት እያላቸው ይናዘዙ» አለኝ። ለማያውቅ ልንገር፦ ሽማግሎች ይሰበሰባሉ፣ የነፍስ አባት ይቀመጣሉ፣ ሰውየው መሬቱን፣ ከብቱን፣ ቀፎውን ለየልጁ ይናገራል፣ ቃሉ ይጻፋል። ደግ ሥርዓት ነው፤ ከስንት ክስ አድኖናል። ነገር ግን ሰው ከተናዘዘ በኋላ ቢኖርም በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው። በቁሙ የተካፈሉትን ሰው ማንም ማር አምጥቶ «ይዳኙኝ» አይለውም።

አባታችን ዘንድ ገባን። ታላቄ ዝርዝሩን አነበበላቸው።

«ከወንዙ ማዶ ያለው እርሻ ለእኔ፣ አባባ።»

«እንደፈቀዳችሁ።»

«ቀፎው ለሁለታችን እኩል።»

«እንደፈቀዳችሁ።»

«ቅሬታ ካለዎት…»

«ምን ቅሬታ አለኝ። ጨርሱና ተዉኝ።»

ታላቄ በእፎይታ ወረቀቱን አጠፈ። እኔ ግን አባቴን አየኋቸው። እኚህ ሰው በወጣትነቴ በአንድ ቁና ገብስ ከጠዋት እስከ ማታ የተከራከሩኝ ሰው ናቸው፤ ያውም ገብሱ የራሳቸው፣ ገዢው የገዛ ልጃቸው። አሁን ዕድሜ ልካቸውን የለፉበትን በመጀመሪያው ዋጋ ሸጡት። የጋሸናው ትምህርት የዚያን ጊዜ መጣልኝ፤ ዕቃው አልተሰረቀም። እንግዲያው ታመዋል።

«አንድ ሁለት ወር ስጠኝ፤ ላሊበላ ወስጄ ላሳክማቸው» አልኩት ታላቄን።

«እርጅናን የሚያክም ሐኪም ተገኘ እንዴ? ወይስ እዚያ ወስደህ ለብቻህ ልታናዝዛቸው ነው?»

ወንድም ነው፤ ይበለኝ። ግን አመመኝ። ኑዛዜው ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቀጠረና ተኮራረፍን።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ጠፋች። ሙጃ መኪና ማቆሚያ ላይ ቀይ ዶሮዋን አቅፋ የጭነት መኪና ላይ ስትወጣ ደረሱባት፤ ባሌ ዘንድ እሄዳለሁ ትላለች። ባሏ ከሞተ ስንትና ስንት ዘመኑ ነው። እሷንም ከአባቴ ጋር ለማሳከም ወሰንኩ። ሕዝብ በተጨናነቀበት መኪና ላሳፍራት እንደማልችል ገባኝ፤ ኅዳር እስኪጋመስ ገዢ ፈልጌ በቅሎዬን ሸጥኩና ኮንትራት መኪና ያዝኩ። አባቴ ከፊት፣ አክስቴና ዶሮዋ ከኋላ፤ ዶሮዋን ካልያዝኩ ንቅንቅ አልልም ብላለች። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ለአባቴ የመርሳት መድኃኒት፣ ለአክስቴ የእብደት መድኃኒት ገዝቼ መመለስ።

ሆስፒታል የአእምሮ ክፍሏ ባለሙያ ልጅ እግር ነርስ ናት። ሳያት «ይህችማ ማርና ሽሮፕ የማትለይ ናት» ብዬ ናቅኳት። ስለ ሁለቱም ያሰብኩትን ነገርኳት፤ እሷም ጽፋ ስታበቃ አባቴን ጠየቀች።

«አባባ፣ ዛሬ በዓሉ ማን ነው?»

በእኛ አገር ቀን በቁጥር አይጠየቅም፤ እያንዳንዱ ቀን የሚውልበት ጻድቅ ወይም መልአክ አለው፣ ሰው ቀኑን በእሱ ያውቀዋል።

«አላውቅም» አሉ አባቴ።

«ሦስት ነገር ልንገርዎትና በኋላ ይመልሱልኛል፤ ማር፣ ቁልፍ፣ በቅሎ።»

«አልይዝም ልጄ፤ ተይኝ። ጭንቅላቴ ሞቷል።»

ወደ አክስቴ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎስ? ዛሬ ማን ነው?»

«ዛሬማ ማርያም ናት! ነጠላዬን አታዪውም? ለማን የለበስኩት መሰለሽ፣ ለአንቺ ነው?»

ነርሷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ሦስቱን ነገሮች ለሷም ነገረቻትና ስለ ልጅነቷ ጠየቀቻት። አክስቴ የሰርጓን ቀን፣ የሙሽራውን በቅሎ ቀለም፣ ማን ምን እንዳለ ሳይቀር አንበለበለችው። «አሁን ቅድም የነገርኩዎት ሦስት ነገር?» ስትላት አክስቴ ወገቧን ይዛ «አንቺ የነገርሽኝ ነገር የለም! እኔ የተነገረኝን የምረሳ ሰው ነኝ? ይልቅ ቁልፌን ወስደሻል መሰለኝ» አለች። ወደ እኔም ዞራ «በል እንነሳ፤ ማርያም ናት፣ ቅዳሴ ያልፈናል» አለችኝ።

የዚያን ጊዜ ከጥጉ፣ ከጋቢው ውስጥ፣ ድምፅ መጣ።

«ማርያምማ ትናንት አለፈች። ዛሬ ዑራኤል ነው።»

አባቴ ናቸው። ቀና እንኳ አላሉም። ኅዳር ሃያ ሁለት ነበር፤ ዑራኤል።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወንበሯን ወደሳቸው ሳበች። «አባባ፣ ቅድም የነገርኩዎት ሦስቱስ? አልቸኩልም፤ እጠብቃለሁ።» ጠበቀች። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ዝምታ ስንት እንደሚያወጣ አውቃለሁ፤ እንዲህ የምትጠብቅ ሻጭ ግን ጋሸና ላይም አልገጠመኝም።

«ማር» አሉ አባቴ በመጨረሻ። ብዙ ቆዩና «በቅሎ» አሉ። «እሷንም ይኸው ልጄ በእኔ ጉዳይ ሸጣት።» ጥቂት ቆይተው «ቁልፍ» አሉ።

ስለ ሽያጩ ማንም አልነገራቸውም ነበር። እኔ ኮንትራቱን ስደራደር ሰምተው ይዘውታል።

ነርሷ ሁለት ካርድ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። ማንበብ አያቅተኝም፤ ሳነበው ግን የአባቴ ካርድ ላይ «ድባቴ»፣ የአክስቴ ላይ «የመርሳት በሽታ ሳይሆን አይቀርም» ይላል።

«እህቴ፣ ካርዱ ተቀያይሯል» አልኳት።

«ካርዱስ ልክ ነው» አለችኝ። «የተቀያየራችሁት እናንተ ናችሁ።»

ነጋዴ መሆኔን ጠይቃ ካረጋገጠች በኋላ በሱቅ ምሳሌ አስረዳችኝ፦ የአባትህ ሱቅ ዕቃው ሙሉ ነው፣ በሩ ግን ተዘግቷል፤ ባለሱቁ ከውስጥ ተኝቶ ገዢ ሲያንኳኳ «የለም» ይላል፣ ተነስቶ መፈለጉ ስለከበደው። የአክስትህ ሱቅ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ባለሱቋም ደጃፉ ላይ ናት፤ መደርደሪያው ነው ከቀን ወደ ቀን የሚራቆተው። መጀመሪያ የሚያልቀው ትናንት የገባው ዕቃ ነው፤ የድሮው ከኋላ ስላለ ይቆያል። ዕቃ ሲጠየቅ ባዶ መሆኑን ስለማታውቀው የሌለውን አለ ትላለች፤ ውሸት አይደለም። የአባትህ ከእናትህ ሞት ወዲህ በወራት የመጣ ነው፤ የሷ ሳታውቁት በዓመታት የገባ። እሳቸው «ረሳሁ» ብለው ያማርራሉ፤ እሷ ደግሞ «ሰረቃችሁኝ» ትላለች።

«እንግዲያ አባቴ ይድናሉ፣ እሷ አትድንም?»

«አትቸኩል» አለች። «ከድባቴ ብዙ ሰው ይመለሳል፤ የሚያገረሽበትም፣ ሳይመለስ የሚቀርም አለ። ሁለቱ በሽታ በአንድ ሰው ላይ የሚገኙበትም ጊዜ አለ፤ አባትህን ሲሻላቸው ደግሜ እፈትናቸዋለሁ። የሷን ደግሞ ደሟን እንይ፤ ከደም የሚመጣ፣ የሚታከም መርሳት ስላለ።» የአክስቴ ደም ታየ፤ ንጹሕ ሆነ። በሕይወቴ ንጹሕ የተባለ ነገር ያሳዘነኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቀጥላ እኔ ልጃቸው በዓመት ውስጥ ያልጠየቅኳቸውን ጠየቀቻቸው። «አባባ፣ ሞትን ይመኛሉ?»

«መመኘት?» አሉ አባቴ። «ማታ ማታ እለምነዋለሁ እንጂ። እሱም ጃጅቷል መሰለኝ፣ አይሰማኝም።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ትእዛዙ ይህ ነበር። ለአባቴ በቀን አንድ ኪኒን፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ለውጥ አትጠብቁ፣ ተሻላቸው ብላችሁም አታቋርጡ። በነዚህ ሳምንታት ብቻቸውን አይተዉ። ጠዋት ጠዋት ወደ ፀሐይ ይውጡ፣ ትንሽም ቢሆን ሥራ ይሰጣቸው። «ጸበሉስ?» አልኳት። «ጸበሉንም ይጠጡ፣ ኪኒኑንም ይዋጡ፤ የተጣሉ ነገሮች አይደሉም።» ለአክስቴ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ዕቃዋ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ብቻዋን መንገድ አትውጣ፣ ማንም አያስራት፣ «ቀወሰች» አትበሉ። «ከሁሉም በላይ አትከራከራት» አለችኝ። ይህንን ለእኔ! ዓሣን «ከውሃ ውጣና ቁም» ማለት ነው።

ሁለቱም ቤቴ ተቀመጡ። እኔ የተረፈውን ኅዳርም አባቴ አጠገብ ዋልኩ፤ ሌሎች ነጋዴዎች አዲሱን ማር ሲያወርዱ እኔ ኪኒን እቆጥራለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም። ሁለተኛው ምንም። በሦስተኛው ሚስቴ «ሙሉ ሌሊት ተኙ» አለችኝ። በአራተኛው «ሽሮው ጨው አንሶታል» አሉ። ሚስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስለ ወጧ ክፉ ነገር የተናገረ ሰው ወዳ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ጓዳ ገብታ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

አክስቴ በበኩሏ ንግድ ጀመረች። ጠዋት ዶሮዋን አቅፋ ትመጣና «ወንድሜ፣ ዶሮ ትገዛለህ? ከሩቅ ነው ያመጣኋት» ትለኛለች። መጀመሪያ «እትዬ፣ ይህችማ ያንቺው ዶሮ…» ልል አፌን ከፈትኩና ትእዛዙ ትዝ አለኝ።

«ስንት ትያለሽ?»

«ሁለት ብር። አልቀንስም፤ ዘመኑ ተወዷል።»

«በአንድ ከስሙኒ አይሆንም?»

«ሂድ ወዲያ! ዓይንህ ነጋዴ ይመስላል።»

ሁለት ብር እከፍላታለሁ፣ በመቀነቷ ትቋጥረዋለች፣ ዶሮዋ ግቢው ውስጥ ትለቀቃለች። በማግስቱ ደግሞ ያችኑ አቅፋ «ዶሮ ትገዛለህ?» ትለኛለች። በዚያ ዋጋ ዛሬ አንድ እንቁላል አይገዛም። ስሜን ያጠፋው ይህ ነው፤ ጎረቤት በአጥር እያየ «ታላቁን ነጋዴ አሮጊት ስታታልለው» ብሎ ከተማውን ሞላው። አንዳንድ ቀን ትረሳዋለች፤ በትክክል አስራ አንድ ጊዜ ገዝቻለሁ። በየጊዜው እንደ አሸናፊ ትሄዳለች። እንዲህ ደስ ያለው ሻጭ አይቼ አላውቅም።

ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አባቴን ማር መሸጫዬ ወሰድኳቸው። ከተማው በነጭ ነጠላ ተጥለቅልቋል፤ ባጃጅ ማለፊያ አጥቶ ይጮኻል። አባቴ ከኋላዬ በርጩማ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ በጋቢያቸው ተጀቡነው ተቀመጡ። ረፋዱ ላይ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ጎልማሳ ተሳላሚ ባልዲ ይዞ ተንደረደረ።

«አንተ ሌባ! በታቦት አገር ስኳር ትሸጥልኛለህ? በሦስት ቀኑ ደርቆ ጠጠረ!»

ሕዝብ ከበበን። የላስታ ነጭ ማር በብርድ ይረጋል፤ እዚህ የኖረ ያውቀዋል፣ ከቆላ የመጣ ግን ስኳር የረጋ ይመስለዋል። እኔ እጄን አንስቼ ልከራከር ስጀምር ከኋላዬ «አምጣው» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሰውየው ሽማግሌ ሲያይ ረጋ አለና ባልዲውን አቀረበላቸው። አባቴ ቆነጠሩ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አሹት። የምላሳቸውን ጫፍ አስነኩት። ከዚያ ወደ ተራራው አዩ። ያንን አስተያየት ካየሁት ከዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር።

«ስኳር አይደለም፣ ብርድ ነው» አሉ። «ስኳር ቢሆን በጣት መካከል ይንኮሻኮሻል፤ ይኸው ቀለጠ፣ አንተም እሸው። አልተበላሸም፣ አልጎደለበትም፤ ረግቶ ነው። እሳት ላይ ግን እንዳትጥደው፣ ትገድለዋለህ። ፀሐይ ላይ አስቀምጠው፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል።»

«ካልተመለሰስ አባቴ?»

«ካልተመለሰ ነገ አምጣው፤ እዚሁ ነኝ።»

ነገ እዚሁ ነኝ። ሞትን ማታ ማታ ይለምኑ የነበሩ ሰው ከማያውቁት ሰው ጋር ለነገ ቀጠሮ ያዙ። ከዚያ በኋላ ስንት ባልዲ እንደሸጥኩ አላስታውስም፤ ሰውየው ያየውን ለጓደኞቹ ነግሮ አመጣቸው፣ አባቴም ባልተጠየቁት ላይ ሁሉ ይፈርዱ ጀመር። የጎረቤቴን ነጋዴ ማር «ይህን ንብ አላየውም» ስላሉበት ሰውየው እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።

ከገና በኋላ ነርሷ እንዳለችው ደግማ ፈተነቻቸው። ሦስቱን ነገሮች ሳትጨርስ መለሱላትና «ከባድ ከባዱን ጠይቂኝ» አሏት። የማሩን ፍርድ ስነግራት ሳቀች፤ ኪኒኑ ግን ገና ወራት እንዲቀጥል አዘዘች።

ጥምቀት አለፈ፤ የኑዛዜው ቀን ደረሰ። አባቴም አክስቴም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሽማግሎቹ መደቡን ሞልተው ተቀምጠዋል፣ የነፍስ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘዋል። ታላቄ ያንኑ ወረቀት ዘረጋ።

«ከወንዙ ማዶ ያለው እርሻ ለእኔ» ብሎ አነበበ።

«ቆይ» አሉ አባቴ። «ከወንዙ ማዶ ያለን ሁለት እርሻ ነው። ድንጋያማው ነው ጥቁር አፈሩ?»

ታላቄ ቀና አለ። «ጥቁር… ጥቁር አፈሩ ነበር ያልነው አባባ።»

«ማን ነው ያልነው? እኔ አላልኩም። ድንጋያማውን ውሰድ፤ ለቅመህ አሳምረው።»

«አባባ፣ በጥቅምት እሺ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«በጥቅምትማ ታምሜ ነበር። የታመመ ሰው የሸጠውን ትገዛለህ? አፈር ስሆን፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩህ?»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በነጠላው አፈነ። «ቀፎውስ?» አለ ታላቄ፤ ወረቀቱን ማየት ትቷል።

«ቀፎው የእኔ ነው። ማሩን ስትቆርጥ ጢስ እንዳበዛህ ቀምሼ አውቄዋለሁ፤ እስክትማር አላወርስህም።»

የነፍስ አባታቸው ተነሱ። «እንግዲህ እንሂድ» አሉ። «የሚከራከር ሰው አይናዘዝም። ኑዛዜው ሲደክመው ይደረጋል፤ ይህ ሰው ገና እኛን ያደክመናል።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ታላቄ ወረቀቱን አራት አድርጎ ቀደደውና የአባታችንን ጉልበት አቅፎ አለቀሰ። ጥቁር አፈሩን አጥቶ እንዲህ የተደሰተ ገበሬ ላስታ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሲነሳ እኔን በሁለት እጁ ጨምቆ ሳመኝ፤ «አንተ ሌባ» አለኝ፣ በፍቅር።

ሰው ሲበተን አክስቴ ዶሮዋን አቅፋ በአጥሩ ብቅ አለች። ሕዝቡን አይታ ፊቷ በራ።

«የምን ድግስ ነው? ዛሬ ማርያም ናት መሰለኝ!»

ማርያም አልነበረችም። አባቴን አየኋቸው፤ ሆስፒታል ውስጥ በዚያ በሽታቸው እንኳ ሊያልፉት ያልቻሉት ስህተት ነው። አሁን ከማንም በላይ ያውቁታል። ተነስተው ሄዱና እጇን ያዙ።

«አዎን እህቴ» አሏት። «ማርያም ናት። ነይ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። «ዶሮ ትገዛለህ?» አለቻቸው።

«ስንት ትያለሽ?»

ሒሳቡ እንዲህ ተዘጋ። አባቴ ተመለሱ። አክስቴ አልተመለሰችም፤ «ቀወሰች» የሚላት ግን የለም። ወንድሜ ያናግረኛል። በቅሎዋ ሰው ቤት ናት። ዶሮዋ እንቁላል ጥላለች።